ክንፍ የሰፉ እጆች

ፍራንዝ ራይሼልት እንደ እኔ ልብስ ሰፊ ነበር። የተወለደው ያን ጊዜ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት በነበረችው በቦሄሚያ ነው፤ ኑሮውን ግን ፓሪስ መሥርቶ የሴቶች ልብስ ይሰፋ ነበር። አውሮፕላን ገና አዲስ ነገር ስለነበር ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ማምለጫ አልነበረውም። ራይሼልት ለዚህ መላ አገኘሁ አለ። መላው ልብስ ነው፤ አብራሪው እንደ ካፖርት ለብሶት ይቀመጣል፤ ሲዘል ልብሱ ተዘርግቶ በአየር ላይ ይይዘዋል። በአሻንጉሊት ሞከረው፤ አልሠራም። ከፍታው አንሶ ነው እንጂ ልብሱስ ደህና ነው ብሎ አመነ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1912 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማለዳ ኤፍል ማማ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ወጣ። ፖሊስ ፈቃድ የሰጠው አሻንጉሊት ይጥላል ብሎ ነበር። እሱ ግን ልብሱን ራሱ ለብሶ መጣ። ከ57 ሜትር ከፍታ ዘለለ፤ ጨርቁ ሰውነቱ ላይ ተጠቀለለ፤ እዚያው ሞተ። ዕድሜው 33 ነበር።

የዚያ ዕለቱ ፊልም እስከ ዛሬ አለ። አብዛኛው ተመልካች የሚያየው ሰውየው አጥሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ነው። የእኔ ዐይን የሚሄደው ወደ ጨርቁ ነው። ብዙ ነው፣ ከባድ ነው፣ ከትከሻው ላይ በእጥፋት ተንጠልጥሏል። አየር የሚገባበት አፍ የለውም፤ ወጥሮ የሚይዘው አጥንትም የለውም። ጨርቅ ለብቻው ክንፍ አይሆንም። ክንፍ የሚሆነው አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሰፋው ሰው አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

እኔ ስፌት የለመድኩት መርካቶ፣ አባቴ ሱቅ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ላይ ነው። አሁን የምሠራው በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሰዎች ከአውሮፕላን በሚዘሉበት ሜዳ ዳር ባለ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ፓራሹት እፈትሻለሁ፣ እጠግናለሁ፣ አጥፋለሁ። እዚህ አገር ዘላይ ሁሉ ሁለት ፓራሹት ይይዛል። ዋናውን ራሱ ሊያጥፈው ይችላል። መጠባበቂያውን ግን የመንግሥት ፈቃድ ካለው አጣፊ በስተቀር ማንም አይነካውም፤ አንድም ቀን ሳይከፈት ቢቀር እንኳ በየ180 ቀኑ ተዘርግቶ፣ ገመዱና ስፌቱ ተፈትሾ፣ እንደገና ይታጠፋል። ስጨርስ መዝጊያውን ፒን በቀጭን ቀይ ክር አስረዋለሁ፤ በክሩ ላይ ትንሽ እርሳስ እጨምቅበታለሁ። እርሳሱ ላይ ያለው ምልክት የእኔ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ። ሰውየውን ሌላው ሁሉ ከከዳው በመጨረሻ የሚቀርለት ያ ፊርማ ነው። ስለዚህ የዊንግሱትን፣ የዚያን ባለ ክንፍ ልብስ ታሪክ ሳነብ ከስፌቱ በኩል ነው የማነበው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የደፋሮች ታሪክ ሆኖ ነው፤ አንዱ ደፋር ይሞታል፣ ሌላው ደፋር ይተካዋል፣ በመጨረሻ አንዱ ይሳካለታል። እኔ እንዲህ አላየውም። ድፍረት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ሌላ ሰው ነበር። ሰው በክንፍ በርሮ በደህና መመለስን የለመደው ጎን ለጎን መብረር ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ጎን ለጎን ለመብረር ደግሞ ደንብ፣ መምህርና ተመልካች ዐይን ያስፈልጋል።

ከራይሼልት በኋላ የመጡት ትርዒተኞች ናቸው። የሚሺጋኑ ልጅ ክሌም ሶን በ1935 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ላይ በክንፍ በረረ። ክንፎቹ በብረት ቱቦ የተወጠረ ጨርቅ ነበሩ፤ ከእጁ እስከ ጎኑ፣ በሁለቱ እግሮቹም መካከል። ከአውሮፕላን ይዘላል፣ ክንፉን ዘርግቶ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ፓራሹቱን ይከፍታል። ጋዜጦች የሌሊት ወፍ ሰው አሉት። ኤፕሪል 25 ቀን 1937 ፓሪስ አጠገብ ቫንሴን ላይ ብዙ ሺህ ሕዝብ እያየው በረረ። በረራው አማረ። ፓራሹቱን ሲስብ ግን ተጠላለፈ፤ መጠባበቂያውም ሳይደርስለት ቀረ። ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሶንን የገደለው ክንፉ አልነበረም። ክንፉ ሠርቷል። የገደለው ከክንፍ ወደ ፓራሹት የሚሻገርበት ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ስፖርት ጭንቅ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የትርዒት ጠባይም አለበት ብዬ አምናለሁ። ትርዒት የሚያሳይ ሰው መሬት ላይ ላለው ሕዝብ መታየት አለበት፤ ለመታየት ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ ሰው ደግሞ ለስህተት የሚሆን ጊዜ የለውም። በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ዐይን ነበረ። ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ፣ «ዛሬ አትዝለል» ሊለው የሚችል አንድ የሙያ አጋር ግን አጠገቡ አልነበረም።

ሌዮ ቫሎንታን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሰው ነው፤ ምክንያቱም እውቀት ነበረው። በ1919 ኤፒናል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አየር ወለድ ወታደር ነበር። የእኛም አየር ወለዶች ደብረ ዘይት ላይ ሲለማመዱ እንደነበረው፣ የወታደር ዝላይ አጭር ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረው ገመድ ፓራሹቱን ወዲያው ይከፍተዋል፣ ወታደሩ ይወርዳል። ቫሎንታን ከዚህ አለፈ። ፓራሹት ሳይከፈት በሚወድቁበት ጊዜ ሰውነት እንዳይገለባበጥ ምን ይደረግ የሚለውን አጠና። ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ ሲወድቅ አየሩ ራሱ እንደሚያረጋጋው አገኘ። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ይህንኑ አቋም ነው። በስሙም ይጠራ ነበር።

ከዚያ ክንፍ ፈለገ። በ1950 ቪላኩብሌ ላይ በሸራ ክንፍ ዘለለ፤ ክንፉ እንዳሰበው አልታዘዘለትም። ጨርቁን ትቶ ወደ እንጨት ዞረ። በልብስ ሰፊ ዐይን ሳየው ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቁ ያልታዘዘው አየር ስላልተሞላ እንጂ ጨርቅ በመሆኑ አልነበረም። ግን ያን ዘመን ጨርቅን በአየር ብቻ ወጥሮ ክንፍ የማድረግ ብልሃት ማንም አልነበረውም። ሜይ 21 ቀን 1956 ሊቨርፑል፣ ስፒክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በዓል ስለነበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቧል። ቫሎንታን ሲወጣ የእንጨት ክንፉ ከአውሮፕላኑ ጋር ተጋጨና ከፊሉ ተሰበረ። ሚዛኑን አጥቶ መሽከርከር ያዘ። ፓራሹቱን ከፈተው፤ እየተሽከረከረ ስለነበር ተጠቀለለበት። በዚያው አለፈ። 37 ዓመቱ ነበር። ለሌላው ሁሉ ሰው ረግቶ መውደቅን ያስተማረ ሰው እየተሽከረከረ ሞተ።

ዛሬ ዊንግሱት የሚማር ሰው ከሚነገሩት የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ ይህ ነው፦ ከአውሮፕላኑ በር ስትወጣ ክንፍህን ዝጋ። በሩ ላይ ክንፉን የዘረጋ ሰው ነፋሱ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከኋላ ደግሞ የአውሮፕላኑ ጅራት አለ። ክንፉ የሚከፈተው ጅራቱ ካለፈ በኋላ ነው። መምህራን ይህን ሲያስተምሩ የቫሎንታንን ስም ብዙ ጊዜ አያነሡም። ቢያነሡት እወዳለሁ።

ከእሱ በኋላ ለረጅም ዓመታት ክንፍ በዘላዮች ዘንድ የሞት ስም ሆኖ ቆየ። ግን ክንፉ በተተወበት በዚያ ዘመን፣ በኋላ ክንፉን የሚያድነው ዕቃ አንድ በአንድ ተሠራ። ዶሚና ጃልበርት የሚባል የካይት ሠሪ በ1960ዎቹ ከሁለት ንብርብር ጨርቅ የተሰፋ፣ በመካከሉ ክፍልፋይ ያለው፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ፓራሹት ሠራ። አየሩ በፊቱ ይገባል፣ ክፍልፋዮቹን ይሞላል፣ ጨርቁ ያለ እንጨትና ያለ ብረት እውነተኛ የክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ራይሼልትን የጎደለው፣ ቫሎንታን የፈለገው ነገር ይህ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ ሦስት ቀለበቶችን አንዱን በአንዱ ውስጥ አሳልፎ፣ የተበላሸ ዋና ፓራሹትን በአንድ እጅ መሳብ ብቻ የሚያስለቅቅ መቆለፊያ ሠራ። የሰውየውን ሙሉ ክብደት የተሸከመው ቀለበት የሚለቀው በጣት በሚሳብ ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ውብ ሥራ ጥቂት ነው ያየሁት። በ1991 ደግሞ ከጀርመን ሳይፕረስ የሚባል መሣሪያ ወጣ፤ ዘላዩ ራሱን ቢስት እንኳ ከፍታውንና ፍጥነቱን ለክቶ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ገመድ ቆርጦ ይከፍትለታል።

ፓትሪክ ደ ጋያርዶን ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው የመጣው። ፈረንሳዊ ነው፤ በእግሩ ሰሌዳ አስሮ በአየር ላይ በመንሸራተት ስሙ የተጠራ ዘላይ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃልበርትን ሐሳብ ወደ ልብስ አመጣው። በክንድና በጎን መካከል ሁለት ክንፍ፣ በእግሮች መካከል አንድ፤ ሁሉም ከሁለት ንብርብር ጨርቅ፣ ፊት ለፊት አየር መግቢያ አፍ ያለው። ዘላዩ እጁን ሲዘረጋ ነፋሱ ይሞላውና ክንፉ ራሱን ይወጥራል። እንጨት የለ፣ ብረት የለ፤ ስለዚህ ነገር ቢበላሽ እጅን መሰብሰብ ብቻ ክንፉን ይዘጋዋል። በ1997 ከፒላቱስ ፖርተር አውሮፕላን ዘሎ ወጥቶ እየበረረ ወደዚያው አውሮፕላን ተመልሶ ገባ። ሰማይ ላይ ከአንድ ሌላ ነገር ጋር እኩል ፍጥነት ይዞ መሄድ እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው፤ በኋላ ለመጡት የቡድን በረራዎች በር የከፈተ ይመስለኛል።

በኤፕሪል 13 ቀን 1998 ሃዋይ ውስጥ ሞተ። በፓራሹት ቦርሳው ላይ ራሱ ባደረገው ማሻሻያ ውስጥ ስህተት ገብቶ ነበር። የዚህ ሰው ሞት ከሌሎቹ ሁሉ ለእኔ የሚቀርብበት ምክንያት ይህ ነው። ነፋሱ አልገደለውም፣ ክንፉም አልከዳውም። እንደ እሱ ያለ ሊቅ እንኳ የራሱን ሥራ ለብቻው ሲፈትሽ የፈለገውን ያያል፣ ያለውን አያይም። አባቴ ለሙሽራ የሰፋውን ልብስ ሳያስፈትሽ አይሰጥም ነበር፤ ገልብጦ ስፌቱን ለሌላ ሰፊ ያሳያል። እኔ ያኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። በወርክሾፓችን ማንም በመሣሪያ ላይ አንዲት መስመር ስፌት ከጨመረ ሌላ ሰው ሳያየው ከጠረጴዛው አይነሣም።

ቀጥሎ የመጡት ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ሥራ እንደ ደ ጋያርዶን ዓይን አይስብም፤ ብዙ ሰው ያዳነው ግን ይኸው ሥራቸው ነው። ፊንላንዳዊው ያሪ ኩኦስማና ክሮኤሺያዊው ሮበርት ፔችኒክ በ1999 በርድማን የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ማንም ዘላይ ገዝቶ ሊለብሰው የሚችል ዊንግሱት ለገበያ አወጡ። ልብሱን ብቻ አልሸጡም፤ አብሮ ትምህርት አመጡ። መምህራን ሠለጠኑ፣ የመጀመሪያ በረራ እንዴት እንደሚጀመር ተጻፈ፣ ስንት ጊዜ የዘለለ ሰው ልብሱን እንደሚለብስ ተወሰነ። በዚህ ደንብ ላይ ነው ዛሬ የአሜሪካ ፓራሹተኞች ማኅበር በግዴታ ያስቀመጠው የ200 ዝላይ መስፈርት የቆመው። ከዚያ ያነሰ ዝላይ ያለው ሰው ዊንግሱት አይለብስም።

ልብሱ በብዙ ሰው እጅ ሲገባ ሰዎቹ ተፈላለጉ። በተለመደው ዝላይ ሰው በሰዓት 190 ወይም 200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቁልቁል ይወድቃል፤ ከ4,000 ሜትር ከዘለለ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ያለው። ዊንግሱት የለበሰው ቁልቁል ፍጥነቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ሊወርድ ይችላል፤ አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ወደፊት ይሄዳል። ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ጊዜ ነው ጓደኛን ፈልጎ አጠገቡ ለመድረስ ያስቻለው። ሁለት ሆኑ፣ አራት ሆኑ፣ መንጋ ሆኑ።

ስለ መንጋው ስለምወደው ትንሽ ልዘርዝር። ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የሚወጣው መሪው ነው። መሪው የሚበረው በሚችለው ፍጥነት አይደለም፤ ሁሉም ሊከተለው በሚችለው ነው። ሌሎቹ በየተመደበላቸው ቦታ ይመጣሉ። ጉልበትን በትንሹ ማጠፍ፣ ትከሻን መስበር፣ አገጭን ዝቅ ማድረግ፤ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ወይ ታወርዳለች ወይ ታንሳፍፋለች። ቀላል ሰው ትልቅ ልብስ ከለበሰ ከመስመሩ በላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ከባድ ሰው ትንሽ ልብስ ከለበሰ ይሰምጣል። ስለዚህ አስተባባሪዎቹ ማን የት ይቁም የሚለውን ከክብደቱና ከልብሱ ስፋት ጋር አስልተው ነው የሚመድቡት። ከፊት ያለው ሰው የበጠሰው አየር ከኋላ ያለውን ስለሚያንገላታው የኋለኛው ረድፍ ከባዱ ቦታ ነው፤ እዚያ የሚቆመው ብዙ የበረረ ሰው ነው።

ጥብቁ ደንብ ስለ አቀራረብ ነው። ወደ ሰልፉ የሚመጣ ሰው በእኩል ከፍታ ሆኖ፣ ከኋላና ከጎን፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይመጣል። ከላይ ተወርውሮ አይመጣም። ሁሉም ወደፊት በከፍተኛ ፍጥነት እየሄዱ ነው፤ እርስ በርሳቸው ግን የቆሙ ያህል ናቸው። አደጋው ያለው በመካከላቸው ባለው ልዩነት ላይ ነው። ከላይ የሚወርደውን ከታች ያለው አያየውም፤ ሁለት ሰው ራስ ለራስ ቢጋጭ ደግሞ ራሱን ስቶ ፓራሹቱን የማይከፍት ሰው አለ ማለት ነው። ከሌላው በቀጥታ በላይ ወይም በታች መብረርም ክልክል ነው፤ የታችኛው ሳይታሰብ ፓራሹቱ ቢከፈትበት የላይኛው ውስጡ ይገባል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚለማመዱት መሬት ላይ ነው። ከወርክሾፔ መስኮት አያቸዋለሁ። ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን በትንሹ ዘርግተው፣ በቀስታ እየተራመዱ አስፋልቱ ላይ ሰልፍ ይሠራሉ፤ ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይበተናሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጥምቀት ላይ ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማንም የራሱን እግር አያይም፣ ዐይኑ ከመሪጌታውና ከጎኑ ካለው መቋሚያ አይነቀልም፣ የፈጠነም የዘገየም ወዲያው ይታወቃል።

ሰልፉ አደገ። በኖቬምበር 12 ቀን 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ኤልሲኖር ላይ 68 ሰዎች በአንድ ቅርጽ በረሩ፤ የአገሪቱ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2012 እዚያው ካሊፎርኒያ ፔሪስ ላይ 100 ሆኑ። አንድ ትዊን ኦተር አውሮፕላን የሚይዘው ሃያ ሰው ገደማ ስለሆነ ለ100 ሰው አውሮፕላኖቹም ራሳቸው ተሰልፈው መብረር ነበረባቸው። ዳኝነቱ የሚሰጠው በፎቶ ነበር፤ ፎቶው ላይ የመስመር መረብ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሳጥን ውስጥ መገኘት አለበት። አንዱ ከሳጥኑ ከወጣ የዘጠና ዘጠኙ ድካም አይቆጠርም። በ2015 ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን መረቡን የተወ አዲስ የዳኝነት መመዘኛ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን ፔሪስ ላይ 61 ሰዎች በአዲሱ መመዘኛ ክብረ ወሰን አስመዘገቡ።

በዚያው በ2012፣ ከመቶዎቹ በረራ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ጋሪ ኮነሪ የሚባል እንግሊዛዊ ከሄሊኮፕተር ዘሎ በዊንግሱት እየበረረ፣ ፓራሹት ሳይከፍት 18,600 የካርቶን ሳጥን ክምር ላይ አረፈ። ዓለም ያወራው ስለ እሱ ነው። ሰውየው አያስቀናም አልልም፤ በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ የሠራው ነው፣ ሳጥኖቹንም የደረደሩለት ብዙ ሰዎች ናቸው። ግን ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡና ምረጪ ብባል የምመርጠው መቶዎቹን ነው። የኮነሪን ሥራ ሌላ ሰው እንዲደግመው ማንም አይመክርም። የመቶዎቹን ግን ተምሮ መድገም ይቻላል።

ስለ ገደል ዝላይም ብዙ አልልም። ከተራራ ጫፍ ዘለው በድንጋይ ጥግ ጥግ የሚበሩት አንድ ፓራሹት ብቻ ነው የሚይዙት፤ መጠባበቂያ ለመክፈት ጊዜ ስለሌለ አይጭኑትም። ሜይ 16 ቀን 2015 ዲን ፖተርና ግራሃም ሃንት ዮሴሚቲ ውስጥ ታፍት ፖይንት ከሚባለው ገደል ዘለው ሁለቱም ሞቱ። ልምድ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ከፍታ ነው፤ ከፍታ ደግሞ ለስህተት የሚሆን ጊዜ ማለት ነው። እነዚህ ሞቶች በዜና ሲነገሩ ከአውሮፕላን የሚዘለው የቡድን በረራም በዚያው ስም ይጠራል፤ ቤተሰቦቼም ከአዲስ አበባ እየደወሉ «እዚያ የምትሠሪበት ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም።

አሁን ወደዚያ ሶንን ወደገደለው ቅጽበት ልመለስ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ መቶውም ሰው በተቀራረበ ሁኔታ ወደ መሬት እየወረደ ነው፤ ሁሉም ፓራሹት መክፈት አለበት፤ ለመክፈት ደግሞ ባዶ ሰማይ ያስፈልገዋል። በተወሰነ ከፍታ ላይ ዳር ያሉት መጀመሪያ ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ከዚያ ቀጣዮቹ፣ እያንዳንዱ ወደተሰጠው አቅጣጫ። ማንም ወደ ጎረቤቱ አይዞርም፤ ከታሰበው ከፍታ ቀድሞም አይከፍትም።

ሲከፈትም ብዙ ነገር አለ። ዘላዩ ዋናውን ፓራሹት የሚያወጣውን ትንሽ ፓራሹት ከወገቡ ስር ስቦ ወደ ነፋሱ ይወረውራል። የተለመደ ልብስ ከለበሰ ነፋሱ ወዲያው ይወስደዋል። ዊንግሱት የለበሰው ግን ከጀርባው ሰፊ የሞተ አየር ስላለ ትንሿ ፓራሹት እዚያ ልትወዛወዝ ትችላለች፤ ስለዚህ ተለቅ ያለች እናደርግለታለን፣ ማያያዣዋንም እናስረዝማለን። ሁለቱን ክንፎች እኩል ካልዘጋ ፓራሹቱ ሲከፈት ሰውነቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ገመዶቹ ይጠማዘዛሉ። ከተከፈተም በኋላ እጆቹ ገና በክንፉ ውስጥ ናቸው፤ ዚፑን ከፍቶ ነጻ ካላወጣቸው መምሪያ ገመዶቹን አይደርስባቸውም። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከፊቱ ሌላ ፓራሹት ቢመጣ ምን ሊያደርግ ነው? ስለዚህ ነው ጀማሪዎች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲከፍቱ የሚታዘዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ። ሳይፕረስ የተባለው መሣሪያ በተለመደው አሠራሩ የሚቀሰቀሰው ዘላዩ በ225 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰዓት ከ126 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ሲወርድ ነው። ዊንግሱት ዘርግቶ የሚበር ሰው ከዚያ ዘገም ብሎ ይወርዳል። መሣሪያው «ይህ ሰው ደህና ነው» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ለዊንግሱት ተብሎ የተስተካከለ መሣሪያ በኋላ ተሠርቷል፤ ቢሆንም መሣሪያ አለኝ ብሎ የሚዝናና ሰው ሳይ ቁጭ አድርጌ ይህን እነግረዋለሁ። የእግር ማሰሪያዎቹንም እንዲሁ፤ ዊንግሱት ከላይ ስለሚሸፍናቸው መታሰራቸው በዐይን አይታይም። አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት በእጅ መዳሰስ ነው፤ የጓደኛንም ጭምር።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ተወልዶ ያደገ የአገሬ ልጅ ቦርሳውን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ መጠባበቂያዬን እንዲያጥፉልኝ ነው። ዊንግሱትም ገዝቻለሁ፤ ያገለገለ ነው፣ በርካሽ አገኘሁት።»

«ስንት ዘለሃል?»

«መቶ ሠላሳ ገደማ።»

«ሁለት መቶ ሳይሞላህ?»

«ለብቻዬ ነው የምበረው እኮ። ማንም አጠገቤ ስለማይኖር ማንንም አልጎዳም።»

ስለ ክሌም ሶንና ስለ ቫሎንታን ነገርኩት። ሁለቱም ብቻቸውን እንደነበሩ፣ እሱ ሊያደርገው ያሰበው ነገር በዚያ ዘመን ሰዎች የጀመሩት እንደሆነ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልተከራከረኝም። መጠባበቂያውን አጠፍኩለት፤ ዊንግሱቱን ዘርግቼ ስፌቱን አየሁት። የቀኝ ክንፉ አየር መግቢያ ላይ የተተረተረ መስመር ነበረው፤ ጠጋግኜ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ እሱም ተስማማ። ለአንድ የታወቀ መምህርም ስሙን ሰጠሁት። ሁለት መቶው ሲሞላ የመጀመሪያ በረራው ከመምህሩ ጋር ሁለት ሆነው ነው፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ይለማመዳሉ፣ ከአውሮፕላኑ መጨረሻ ይወጣሉ፣ መምህሩ በእኩል ከፍታ ከጎኑ ሆኖ እጁንና እግሩን እያየ ምልክት ይሰጠዋል፣ ልጁ ቀድሞ ፓራሹቱን ሲከፍት እስኪያይም ይጠብቃል። ሦስተኛ ሰው የሚጨመረው መምህሩ በቃ ሲል ነው።